በመስከረም የሞላ ግድብ ለግንቦት እንዲደርስ

ክረምቱ ሲወጣ ግድቡ ጢም ብሎ ይሞላል። ባለማሳው ሽንኩርቱን፣ ድንቹንና የበጋ ስንዴውን ያስባል እንጂ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንደተያዘ የሚጠይቅ የለም። ጥር ላይ የራስጌው ማሳ ረግረግ እስኪመስል ይጠጣል። መጋቢት ላይ የግርጌው ሽንኩርት ኮረት ሳይቋጥር ይጠወልጋል። ቦይ በሌሊት ይሰበራል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ አንዳንዴም ጉዳዩ ፖሊስ ጣቢያ ይደርሳል።

እንዲህ በሚሆንባቸው ብዙ ቦታዎች ዝናቡ አላነሰም፤ የጎደለው ሒሳብ ነው። ውሃው ሳይለካ ይለቀቃል፣ ሳይመዘገብ ይከፋፈላል፣ ማለቁም የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው።

ይህ መመሪያ የአፈር ግድብ ወይም ትልቅ ኩሬ ለሚያስተዳድሩ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት፣ ለልማት ሠራተኞችና በቀበሌ ደረጃ ውሃ ለሚያከፋፍሉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የሚያስፈልገው መሣሪያ ቀላል ነው፦ 50 ሜትር የሚደርስ ሜትር፣ ቀጥ ያለ እንጨት ወይም የብረት ቱቦ፣ የማይለቅ ቀለም፣ ሰዓት ያለው ስልክ፣ ገመድና ውሃ ልክ፣ ካልኩሌተር እንዲሁም አንድ ደህና መዝገብ።

1. ተፋሰሱን በእግር ይዙሩ

ሥራው ከግድቡ በር አይጀምርም። ውሃው ከሚወርድበት ጋራ አናት እስከ መጨረሻው ማሳ ያለው መሬት ሁሉ የግድቡ አካል ነው ብለው ይነሡ። ሁለት ጊዜ ይዙሩ። አንዱን ነሐሴ ላይ ዝናብ እየጣለ ሳለ ያድርጉት፤ ጎርፉ ከየትኛው ተዳፋት ቀይ ሆኖ እንደሚወርድ፣ የትኛው ቦረቦር እየሰፋ እንደሆነ በዓይን የሚታየው ያኔ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ሚያዝያ ላይ ይዙሩ፤ የትኛው ምንጭ በጋውን እንደዘለቀ፣ የትኛው እንደደረቀ ይታወቃል።

ለጉዞው ከላይኛው ተፋሰስ አንድ ገበሬ፣ ከቦዩ መጨረሻ አንድ ገበሬ፣ ከብት የሚያግድ ሰው፣ ውሃ የምትቀዳ ሴት እና መሬት በእኩል የሚያርስ ሰው ይያዙ። እነዚህ አምስት ሰዎች አንድን ወንዝ በአምስት ዓይነት ያውቁታል። በተለይ በእኩል የሚያርሰው ሰው በስብሰባ ስሙ አይጠራም፤ ማሳ ላይ ውሃውን የሚያዞረው ግን እሱ ነው።

መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ይህ ነው፦ ምንጮች፣ የእጅ ጉድጓዶች፣ የከብት መውረጃዎች፣ ቦረቦሮች፣ ከግድቡ በላይም ሆነ በታች የተተከሉ የውሃ መሳቢያ ሞተሮች፣ ከግድቡ በታች በወንዙ የሚኖሩ ቀበሌዎች። ሞተሮቹን መቁጠር የግድ ነው። ሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሲደርቅ ከምክንያቶቹ ዋነኞቹ ከሐይቁና ከዙሪያው ጉድጓዶች ለጫትና ለአትክልት ያለ ልክ የተሳበው ውሃ እና ከተዳፋቱ የወረደው ደለል ነበሩ። እያንዳንዱ ባለሞተር የሚስበው ትንሽ ይመስለው ነበር፤ ድምሩን የያዘ ግን አልነበረም።

የተለመደው ስሕተት ጥናቱን በመኪና መንገድ ዳር ብቻ ማድረግ ነው። መኪና የማይገባበት ተዳፋት አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ክፉኛ የሚታጠብበት ነው።

2. የያዙትን ውሃ ይለኩ

"ሞልቷል" እና "ጎድሏል" ልኬት አይደሉም። በመጀመሪያ መለኪያ ይትከሉ። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ የተቀባ እንጨት ወይም ቱቦ ጥልቁ ባለበት፣ በመልቀቂያው አጠገብ ካለው ግንብ ጋር ይታሰር። ዜሮው የሚጀምረው ከመልቀቂያው በር አፍ ነው። ከዚያ በታች ያለው ውሃ ወደ ቦይ ስለማይወጣ በሒሳብዎ ሊገባ አይገባም። ሳምንት በሳምንት በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት፣ ነፋስ ሳይነሣ ጠዋት ላይ ይነበብ፤ አንባቢው ይፈርም።

ቀጥሎ ከፍታውን ወደ መጠን መለወጥ ነው። ግድቡ በባለሙያ ተጠንቶ የተሠራ ከሆነ በወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት የከፍታና የይዘት ሠንጠረዥ ሊኖር ስለሚገባ ቅጂውን ይጠይቁ። ከሌለ ለትንንሽ ግድቦች የሚያገለግል ግምት አለ፦ ውሃው ሲሞላ የግድቡን ርዝመት፣ ውሃው ወደ ኋላ የተኛበትን ርቀትና ከፍተኛውን ጥልቀት ያባዙና ለ6 ያካፍሉ። 200 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ውሃው 600 ሜትር ወደ ኋላ የሚተኛና 9 ሜትር የሚጠልቅ ግድብ 180,000 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል ማለት ነው።

የድሮ ሠንጠረዥ አያታልልዎት። ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ሠንጠረዥ ዛሬ በደለል የተያዘውን ቦታም ውሃ ነው ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ በጀልባ ሆነው ድንጋይ በታሰረበት ገመድ ጥልቀቱን በመስመር በመስመር ይለኩ። ውሃው ሲሸሽ ብቅ ያለው አዲስ ደለል ላይ ማንም ሰው እንዳይገባ ይከልክሉ፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጭቃ ስለሚሆን ሰውም ከብትም ይውጣል።

ሦስተኛው ልኬት ስርገት ነው። ዝናብ በሌለበት ጊዜ በሩን ለ10 ቀን ዘግተው ውሃው ከመለኪያው ላይ ስንት እንደወረደ በሜትር ይለኩ። ከላይ በተጠቀሰው ግድብ ውሃው 7 ሳንቲ ሜትር ወረደ እንበል። በደጋና በወይና ደጋ በጋ ላይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚተን 5ቱ ሳንቲ ሜትር ወደ ሰማይ የሄደ ነው። 1,000 የቀንድ ከብት በቀን 30 ሊትር ሲጠጣ በ10 ቀን 300 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ 6 ሄክታር በተኛ ውሃ ላይ ይህ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ነው። የቀረው አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር በግድቡ ሥር የሰረገ ነው። ቁጥሩ በዓመቱ ከጨመረ ግድቡን የሚያይ ባለሙያ የሚጠራበት ጊዜ ደርሷል።

3. ከመዝራት በፊት የውሃ በጀት ያውጡ

ግድብ እንደ ጎተራ ነው፤ ከክረምት እስከ ክረምት በአንድ ጊዜ ሙሌት ብቻ ይኖራል። ስለዚህ መስከረም ላይ፣ ገበሬው ዘር ከመግዛቱ በፊት፣ የማይነካውን ቀንሰው የሚታረሰውን ያስሉ። ያው 180,000 ሜትር ኩብ የሚይዘው ግድብ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ላሉት 240 ቀናት ሲታሰብ እንዲህ ይሆናል፦

• ከበሩ አፍ በታች ያለና በደለል የተያዘ፦ 20,000 ሜትር ኩብ
• ትነት (በቀን 5 ሚሊ ሜትር፣ እየጠበበ በሚሄድ አማካይ 4 ሄክታር ስፋት)፦ 48,000
• ስርገት፦ 15,000
• ለ1,000 ከብት መጠጥ፦ 7,200
• ለግርጌው ወንዝ የሚለቀቅ፣ በሰከንድ 1 ሊትር፦ 20,700
• ለመስኖ የሚተርፈው፦ 69,000 ገደማ

ከጠቅላላው ውሃ ማሳ ሊደርስ የሚችለው ከግማሽ ያንሳል። ብዙ ማኅበራት የሚሳሳቱት 180,000ውን ለማሳ አካፍለው በመጀመራቸው ነው። የትነቱ ድርሻ ያስደነግጣል፤ ጣና ሐይቅን የመሰለ ሰፊ ውሃም በዓመት 1.5 ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ውሃ በትነት ያጣል።

የሰው መጠጥ በዚህ ምሳሌ ከእጅ ጉድጓድ እንደሚገኝ ታስቧል። ሰዎች ከግድቡ የሚቀዱ ከሆነ ከሁሉ አስቀድመው ይቀንሱት፤ ለገጠር የተቀመጠው መስፈርት ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነው። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም ለቤት ውስጥ ፍጆታ ከማናቸውም ሌላ አጠቃቀም ቅድሚያ ይሰጣል። ስለዚህ የመጠጡ ድርሻ በማኅበሩ ድምፅ የሚወሰን አይደለም።

አሁን ሰብሉን ይምረጡ። በአንድ ሄክታር ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ውሃ 10 ሜትር ኩብ ነው። ሽንኩርት ከዘር እስከ አጨዳ ከ350 እስከ 550 ሚሊ ሜትር፣ ስንዴ ከ450 እስከ 650፣ ድንች ከ500 እስከ 700፣ በቆሎ ከ500 እስከ 800 ይፈልጋል። ነገር ግን ከግድቡ የወጣው ሁሉ ሥሩ ጋር አይደርስም፤ በአፈር ቦይ በሚጓዝ መስኖ ግማሹ ከደረሰ ጥሩ ነው።

450 ሚሊ ሜትር የሚፈልግ ሽንኩርት በግማሽ ብክነት 900 ሚሊ ሜትር ወይም በሄክታር 9,000 ሜትር ኩብ ይጠይቃል። 69,000ው ለ7.7 ሄክታር ሽንኩርት ይበቃል። 600 ሚሊ ሜትር የሚፈልግ ድንች ከሆነ ግን 5.75 ሄክታር ብቻ ነው። ከግድቡ ሥር 15 ሄክታር የሚለማ መሬት ካለ በዚህ ዓመት ግማሹ እንደማይጠጣ መስከረም ላይ ማወቅ፣ መጋቢት ላይ ከማወቅ ይሻላል።

ትልቅ ግድብም ከዚህ ሒሳብ አያመልጥም። በሰሜን ጎጃም መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ እንዲይዝና 7,004 ሄክታር እንዲያለማ ታስቦ የተሠራ ነው። ተካፍሎ ለአንድ ሄክታር 11,850 ሜትር ኩብ ገደማ ይደርሳል፤ ትነቱና ስርገቱ ገና ሳይቀነስ። አንድ በጋ ስንዴ ወይም ድንች አምርቶ ለሁለተኛ ዙር የሚተርፈው እምብዛም ነው።

4. ወረፋውን ጽፈው ያስፀድቁ

በጀቱ ከወጣ በኋላ ማን፣ መቼ፣ ለስንት ሰዓት እንደሚያጠጣ ይወሰናል። በብዙ ቦታ ይህን የሚመራው የውሃ አባት ነው። የውሃ አባቱ ልምድና ተሰሚነት ከሁሉ የሚበልጥ ሀብት ስለሆነ በአዲስ ኮሚቴ አይተኩት፤ በጽሑፍ ያግዙት።

ማኅበሩ በመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት ቢመዘገብ ደንቡ ሕጋዊ ጉልበት ያገኛል። ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሥራ አመራር፣ ቁጥጥርና ግጭት ፈቺ ኮሚቴ ይኑሩት፤ ገንዘብ የሚይዘውና ገንዘብ የሚቆጣጠረው ሰው አንድ እንዳይሆን። ደንቡ ቢያንስ እነዚህን ይመልስ፦ ተራውን ያሳለፈ ሰው መቼ ይካካሳል? ቦይ የሰበረ ስንት ይቀጣል? ቦይ ጠረጋ ላይ ያልተገኘ ምን ይሆናል? መሬቱን ካከራየውና ከተከራየው ሰው መዋጮ የሚከፍለው ማን ነው?

ወረፋውን ከግርጌ ይጀምሩ። ውሃ በመጀመሪያ ለመጨረሻው ማሳ ሲሄድ ቦዩን ሁሉም ይጠብቀዋል፤ ከራስጌ ሲጀምር ግን የራስጌው ሰው ከጠገበ በኋላ ለቦዩ መሰበር ደንታ የለውም። የሌሊት ተራም በዕጣ ብቻ አይሰጥ። ብቻዋን ቤት የምታስተዳድር ሴት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ማሳ መውረድ ስለማትችል ተራዋን ለጎረቤት ትሸጣለች ወይም ታጣዋለች። ለእሷና ለአቅመ ደካሞች የቀን ሰዓት በደንብ ይያዝ።

ሰዓት ብቻ ግን ፍትሕ አይሆንም፤ ቦዩ ሲቀጥን አንድ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ይሆናልና። የቦዩን ፍሰት ለመለካት ቀጥ ባለ ቦታ 10 ሜትር ያስምሩ፤ ብርቱካን ወይም እስከ ግማሹ ድረስ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከላይ ይጣሉና እስከ መጨረሻው ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይቁጠሩ። 20 ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.5 ሜትር ነው። ላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን በ0.75 ያባዙት። የቦዩ ስፋት 60፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውጤቱ በሰከንድ 45 ሊትር ይሆናል። ይህ ለሦስት ገበሬ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 15 ሊትር ይደርሳል፤ አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) ማሳ አንድ ጊዜ በበቂ ለማጠጣት ሦስት ሰዓት ገደማ ይበቃል ማለት ነው። በዚህ መንገድ የወጣ ሰዓት ሲነበብ የሚከራከር ሰው ይቀንሳል።

5. ብክነቱን በቦይና በማሳ ላይ ያስቀሩ

ከላይ በተሰላው በጀት ከግድቡ የወጣው ውሃ 40 በመቶው ብቻ ማሳ ቢደርስ የሚለማው ሽንኩርት 6.1 ሄክታር ነው። ወደ 50 በመቶ ሲሻሻል 7.7 ይሆናል። ከአንድ ሄክታር ተኩል በላይ መሬት ያለ አንዲት ጠብታ ተጨማሪ ውሃ ይለማል፤ ዋጋው የቦይ ጠረጋ ነው።

ጠረጋውን ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ውሃ ከመለቀቁ በፊት ያድርጉት። ሣሩ ይነቀል፣ ደለሉ ይውጣ፣ ስንጥቁና የፍልፈል ጉድጓዱ በእርጥብ ሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ ይደፈን። ለእያንዳንዱ አባል የሚጠርገው ርዝመት እንደ ማሳው ስፋት በሜትር ይሰጠው። የወጣውን ደለል ከቦዩ ጫፍ ራቅ አድርገው ይጣሉት፤ አጠገቡ ከተከመረ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። ገንዘብ ካለ ሲሚንቶው የሚገባው በመላው ቦይ ሳይሆን ውሃ በብዛት በሚሰርግበት አሸዋማ ክፍል ብቻ ነው፤ የት እንደሆነ ለማወቅ በቦዩ ራስጌና ግርጌ በብርቱካኑ ይለኩና ልዩነቱን ያስተያዩ።

ሌሊት የሚፈሰው ውሃ ሌላው ኪሳራ ነው። ቆጋ ላይ ከዋናው ቦይ ሌሊት የሚወርደውን ውሃ የሚይዙ የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎች አሉ፤ ገበሬው ጠዋት ከኩሬው ያጠጣል። አነስተኛ ግድብ ላይ የሌሊት ኩሬ ከሌለ በጣም ርካሹ መፍትሔ ማታ በሩን መዝጋት ነው። ለዚህም በር ጠባቂ የማይዘገይ ክፍያ ያስፈልገዋል።

ማሳ ላይ ትልሙ አጭርና ውሃ ልክ የያዘ ይሁን። ውሃ ትልሙ መጨረሻ ደርሶ ሲጠራቀም ገበሬው ጠገበ ይላል፤ እንዲያውም ከሥር በታች እየሰረገ ነው። እጅን 20 ሳንቲ ሜትር ወደ አፈሩ አስገብቶ ጨብጦ ማየት ይበቃል። ጭብጡ ቅርጹን ከያዘ ማጠጣት ለነገ ይተላለፋል።

6. ግድቡን በየሳምንቱ ይፈትሹ

የአፈር ግድብ ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ያሳያል። የሚያይ ሰው መመደብ ነው። ፈታሹ በክረምት በየቀኑ፣ በበጋ በየሳምንቱ በግድቡ አናት ሄዶ በግርጌው ይመለስ፤ የሚያየውም ይህ ነው፦

• ግርጌው ላይ የሚወጣ ውሃ። ጥርት ያለ ስርገት በመዝገብ ተይዞ ይጠበቃል። የደፈረሰ ከሆነ አፈር ከውስጥ እየታጠበ ስለሆነ አደጋ ነው፤ ያን ቀን ወደ ወረዳው ይደወል፣ ውሃው ቀስ በቀስ ይቀነስ፣ ከታች ያሉ ቤቶች ይነገራቸው።
• አናቱ ላይ ስንጥቅ ወይም የሰመጠ ቦታ።
• የፍልፈል፣ የጃርትና የምስጥ ጉድጓድ።
• በግድቡ ላይ የበቀለ ዛፍ። ሣር ይጠብቀዋል፤ የዛፍ ሥር ግን ሲደርቅ የውሃ መንገድ ይሆናል። ባሕር ዛፍማ ጭራሽ አይታሰብ።
• ወደ ውሃው ባለው ፊት የተንሸራተተ ድንጋይ።

ማስተንፈሻው ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይገባዋል። ክረምት ላይ ትርፉ ጎርፍ በማስተንፈሻው ካልወጣ በግድቡ አናት ይወጣል፤ በአናቱ ውሃ የፈሰሰበት የአፈር ግድብ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። እጅግ የተለመደውና እጅግ አደገኛው ስሕተት ግማሽ ሜትር ውሃ ለመጨመር ተብሎ ማስተንፈሻውን በአሸዋ ከረጢትና በድንጋይ መዝጋት ነው። የተገኘው ግማሽ ሜትር ግድቡን የሚያሳጣ ዋጋ ነው። ሰኔ ሳይገባ ማስተንፈሻው ይጠረግ፣ ግንዱና አረሙ ይነሣ፤ በውስጡ ከብት ማሰርና መዝራት በደንብ ይከልከል።

በሩን በዓመት ሁለት ጊዜ ቅባት ይቀቡት፤ ሳይንቀሳቀስ የከረመ በር በተፈለገ ቀን አይከፈትም። ውሃውንም በጥድፊያ አይልቀቁ። ከፍታው በቀን ውስጥ በብዙ ሲወርድ ወደ ውሃው ያለው የግድቡ ፊት ውሃ እንደጠጣ ስለሚቀር ይንሸራተታል።

7. ደለሉን ከላይ ያስቁሙት

ደቡብ ወሎ በቦርከና ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ አገልግሎት ሳይጀምር በደለል ተሞልቶ ቀርቷል። ጎንደር ከተማ ውሃ የምታገኝበት የአንገረብ ግድብም በየክረምቱ ከላይኛው ማሳ የሚወርደው አፈር ይዘቱን ሲቀንሰው ቆይቷል። ከገባ በኋላ ደለልን ማውጣት ከአዲስ ግድብ የማይተናነስ ወጪ ሊጠይቅ ስለሚችል ሥራው ከላይ መሆን አለበት።

ቅደም ተከተሉ ከአናት ወደ ታች ነው። በመጀመሪያ ከማሳው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይውጣ። ከዚያ ማሳው ላይ በገመድና በውሃ ልክ ተለክቶ የአፈር ወይም የድንጋይ እርከን ይሠራ፤ ልኩን የሳተ እርከን ውሃ አንድ ቦታ ላይ ሰብስቦ ይፈነዳና ካልነበረው ይብሳል። በእርከኑ ላይ ደሾ ሣር፣ የዝሆን ሣር ወይም ቬቲቨር ይተከል። በመጨረሻ ቦረቦሩ በድንጋይ ክትር ይያዝ፤ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር ግርጌ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ ይራራቅ። ክትሩ መሐሉ ዝቅ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ከፍ ይበሉ፤ አለበለዚያ ጎርፉ በጎን ዞሮ አዲስ ቦረቦር ይከፍታል። ብዙ ቀበሌዎች የሚሳሳቱት ተዳፋቱን ሳይነኩ ቦረቦሩ ውስጥ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) በማስቀመጥ ነው፤ የመጀመሪያው ሐምሌ ይወስደዋል።

ሥራው ጥርና የካቲት ላይ፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ቢደረግ ጉልበትም ይገኛል፣ ዝናቡ ሳይደርስም ያልቃል።

ነገር ግን የላይኛው ገበሬ ግጦሹን ከልሎ፣ ማሳውን በእርከን ቆርጦ፣ ውሃውን የሚያገኘው የታችኛው ከሆነ ለምን ይተባበራል? መልሱ ድርሻ ነው። ከከለለው መሬት ሣሩን አጭዶ የመውሰድ መብት፣ ንብ የማነብ ፈቃድ፣ ከመስኖ መዋጮው የተወሰነ ክፍያ ወይም የከብት መኖ ይሰጠው። በትግራይ ውቅሮ አጠገብ የአብርሃ ወአጽብሃ ማኅበረሰብ ተዳፋቱን ከልሎ፣ እርከንና የውሃ ማስረጊያ ጉድጓዶች ሠርቶ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ስለቀረበለት የእጅ ጉድጓድ ቆፍሮ የፍራፍሬ ማሳ አለምቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚያስተባብረውን የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል። ከላይ የተሠራው ሥራ ለላይኛውም ውሃ ማስገኘቱ ነው ሰውን ያቆየው።

8. ውሃው በሽታ እንዳይሆን ይጠንቀቁ

እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ በትግራይ የተደረገ ጥናት ግድብ አጠገብ ባሉ መንደሮች የሚኖሩ ሕፃናት ርቀው ካሉት ሰባት እጥፍ ገደማ በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከመጀመሪያው ቀን የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ትገኝ። ከግድቡ ግርጌ የሚወጣው ስርገት በትንሽ ቦይ ተመርቶ እንዲፈስ እንጂ ኩሬ ሆኖ እንዲቀር አይተዉ። ቦዮች በወረፋ መካከል ሙሉ በሙሉ ይድረቁ። በአጎበር መተኛት በመስኖ ወቅት ይበልጥ ያስፈልጋል። የቢልሐርዚያ ቀንድ አውጣ አረም በበዛበት ዳርቻ ስለሚራባ ልጆች በሚዋኙበትና ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት በኩል ያለው አረም ይነቀል።

ከብት ወደ ውሃው አይግባ። ዳርቻውን አጥረው ከግድቡ በታች በቱቦ ገንዳ ይሥሩለት፤ የግድቡ ዳርቻ አይናድም፣ ውሃውም በፋንድያ አይበከልም። የኬሚካል መርጫ በግድቡም በቦዩም እንዳይታጠብ በደንብ ይከልከል። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ ወደ ትንሽ ግድብም በጀልባ፣ በመረብ ወይም ለጌጥ በተወሰደ ተክል ሊገባ ይችላል። አንዲት ተክል ከታየች ሳታብብ ከነሥሯ ትነቀል፣ ከውሃው ርቃ ትድረቅ፤ ዘሯ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል።

9. የእጥረት ውሳኔውን በጥጋብ ጊዜ ይወስኑ

ውሃ ሲያንስ የሚደረግ ስብሰባ ጠብ ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ፣ ሁሉም ሰው ገና ባልተራበበት ጊዜ፣ ሁለት የፍተሻ ቀኖች ይቀመጡ፤ ለምሳሌ ኅዳር 30 እና ጥር 30። በእያንዳንዱ ቀን መለኪያው ላይ መታየት ያለበት ከፍታ በቀለም ይቀባ። ውሃው ከዚያ ጥቂት ካነሰ የማጠጫ ዙሩ ይራዘማል። በብዙ ካነሰ አዲስ ዘር አይዘራም፤ የቀረው ውሃ ለቆመው ሰብል ይሆናል። ለመጠጥና ለከብት የተቀመጠው ከፍታ ላይ ከደረሰ የመስኖ በር ይዘጋል፤ ማንም አይከራከርም።

ያኔም የቀረውን ውሃ ለሁሉም እኩል ማሳነስ አይጠቅምም። ሰብል ጥማትን የማይችልበት ጊዜ አለው፦ ሽንኩርት ኮረት ሲቋጥር፣ ድንች ሥሩ ሲያብጥ፣ በቆሎ ሲያብብ፣ ስንዴ ሲያብብና ፍሬ ሲሞላ። ውሃው ለእነዚህ ሳምንታት ይቀመጥ፤ በሌሎቹ ሳምንታት መዝለል የሚያስከፍለው ትንሽ ነው።

ሰኔ ላይ ክረምቱ ሲገባ መዝገቡ ይዘጋ። ስንት ሜትር ኩብ ነበረ፣ ስንቱ ለማሳ ወጣ፣ ስንት ሄክታር ለማ፣ ስንት ኩንታል ተገኘ፣ ቅጣትና መዋጮው የት ዋለ? ይህ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ጮክ ብሎ ይነበብና በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የሦስት ዓመት መዝገብ ያለው ማኅበር ለጥገና ገንዘብ ወረዳውን ሲጠይቅ የሚያሳየው ነገር አለው።

ማኅበርዎ እስከዛሬ መለኪያ እንጨት ካልተከለ ከሁሉ ነገር በፊት እሱን ይትከሉ። የሚያስፈልገው አንድ ቱቦ፣ አንድ ቆርቆሮ ቀለምና የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ የቀሩት ስምንት ደረጃዎች ሁሉ ከዚያ በሚነበበው ቁጥር ላይ ይቆማሉ።